ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?

ዕቃ ሳይገዛ የሚደክም ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ገዝቶ የሚደክመውስ ተሸክሞ ስለሚመጣ ነው እንበል። ይኼኛው ግን ባዶ እጁን ወጥቶ ባዶ እጁን ይመለስና ጫማውን አውልቆ፣ "ኧረ ዛሬስ ሞቻለሁ!" እያለ ሶፋው ላይ ይዘረራል። ምን ሲሠራ ዋለ? ሲያነጻጽር። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወንድማችሁ ነው፤ አለቃችሁ ነው፤ ወይም ደግሞ አያድርስ ነውና አግብታችሁታል።

እኛ የምናውቃት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር አግብታዋለች። ባሏ መነጽር ቤት የሚሠራ የዓይን መርማሪ ነው፤ የሥራ ጓደኞቹ "ክቡር ሚዛን" ይሉታል። ማዕረጉ የጸደቀለት ምግብ ቤት ውስጥ ነው አሉ። ሌሎቹ አዝዘው፣ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ክቡርነቱ ገና የምግብ ዝርዝሩን ሁለተኛ ገጽ እያጠና ነበር። አስተናጋጇም ከዚያ ወዲያ እሱን ስታይ ወንበር ስባ መቀመጥ ጀምራለች።

የሚገርመው ሥራው ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑ ፊት ሌንስ እየቀያየረ፣ "ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?" ሲል ይውላል። ለሚያመነታ ሰው ደግሞ ቅንጣት ትዕግሥት የለውም። "አያስቡ! አያስቡ! ዝም ብለው የታየዎትን ይንገሩኝ!" ይላል። አንዲት ሴትዮ ተጨንቀው፣ "ሁለቱም ያው መሰሉኝ" ቢሉት፣ "ሁለት ነገር ያው ሊሆን አይችልም፣ እመቤት፤ ይወስኑ!" ብሎ አፋጠጣቸው። ይህን ሚስቱ በጆሮዋ ሰምታለች። የዚያን ዕለት ልትወስደው መጥታ በር አጠገብ ተቀምጣ ነበርና ሳቋን ለማፈን የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ያዘች።

እንዴት አትስቅ? ክቡር ሚዛን ያን ጊዜ አዲስ የመጽሐፍ ማንበቢያ ልግዛ አልግዛ እያለ ከራሱ ጋር ሙግት ከገጠመ ከርሟል። ማንበቢያ ያልነው ያችን ታብሌት የምትመስል፣ ነገር ግን መጽሐፍ ከማሳየት በቀር ሌላ ሙያ የሌላትን መሣሪያ ነው። የእሱ አሮጌ ናት። ጥጓ ተሰንጥቋል፤ ወገቧ በላስቲክ ታስሯል። ቻርጅ የምታደርገው ገመዷ ሥር ማንኪያ ሲደገፍላት ብቻ ነው፤ እሱም የሻይ ማንኪያ ካልሆነ አይሆንም፤ የሾርባውን አትወደውም። ገጽ ግለጪ ሲሏት ቆም ብላ ታስባለች። በዚህ በዚህስ ባለቤቷን ትመስላለች።

አዲሱ ሞዴል እንደ ወጣ ክቡር ሚዛን ቅዳሜ ቅዳሜ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መመላለስ ጀመረ። አዲሷን ያነሳታል፤ ያዘነብላታል፤ መስኮት ዳር ወስዶ በፀሐይ ያያታል፤ ከዚያም እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣታል። ሻጩ ከመልመዱ የተነሳ ገና በሩ ላይ ሲያየው፣ "መጡልኝ? ዛሬስ የትኛዋን ነው የማይገዙት?" ይለዋል። እሱም አይቀየምም። አጠገቡ ለቆመ ገዢ የስክሪኑን ብርሃን፣ የባትሪውን ዕድሜ፣ የፊደሉን ጥራት ሲያስረዳ ይቆያል፤ ሰውየውም አመስግኖ ገዝቶ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሙ በሱ ምክር ገዝቷል። የሚስቱ ባልደረባ፣ የሌላኛው መስመር ሾፌር፣ በሱ ምክር ገዝታለች። ሻጩ ራሱ ለእናቱ ወስዷል። ሁሉም እየመረቁት ያነባሉ፤ አማካሪው ግን ቤቱ ገብቶ ማንኪያ ይደግፋል።

አንድ ቀን የሽንኩርት መመዘኛውን ከኩሽና አውጥቶ አሮጌዋን ጫነበት። የአዲሷን ክብደት ከሱቅ ሸምድዶ መጥቷል። ልዩነቱን ለማሳየት አንድ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን ክፋይ አነሳ።

"አየሽ? በግማሽ ሽንኩርት ትቀላለች!"

"ታዲያ ግማሽ ሽንኩርት መሸከም አቃተህ?"

"ነገሩ የሽንኩርት አይደለም፣ አንቺ ሴት! የእጅ አንጓ ጉዳይ ነው!"

"እንግዲያው ግዛት።"

"እሱማ ልገዛት ነበር፤ ግን ሌላ ሞዴል ሊወጣ ነው ይባላል።"

ሌላውም ወጣ። ያን ጊዜ ደግሞ፣ "አዲስ ነገር እንከን አያጣም፤ እስቲ መጀመሪያ ሰው ይሞክራት" አለ። ሰው ሞከራት፤ ወደዳት። "እንግዲህ አሁንማ የሚቀጥለው ሊደርስ ነው" አለ። ሚስቱ ሌላ ሽንኩርት ከትፋ ወጥ ውስጥ ጨመረች።

አሮጌዋ ማንበቢያ ታዲያ የእሱ ብቻ አልነበረችም። የሚስቱ እናት፣ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር፣ ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ቀን እሱ ሥራ ሲውል እሳቸው ያነባሉ፤ ሲመሽ ወርደው ለእሱ ያስረክባሉ። አንዱን መጽሐፍ ሁለቱ ይካፈሉታል። ማንም ከሌላው ከአንድ ምዕራፍ በላይ ቀድሞ እንዳይሄድ ሕግ አላቸው። ሕጉን ያወጡት አማቱ ናቸው፤ የሚያፈርሱትም እሳቸው ናቸው።

እሳቸው ደግሞ ያለ ጉዳይ የአማቻቸውን ደጃፍ የማይረግጡ ኩሩ ሴት ናቸው። ማታ ማታ፣ "ዕቃህን ላስረክብህ ነው የመጣሁት፤ አልቀመጥም" ብለው ይገባሉ። እውነትም አይቀመጡም። የበሩን እጀታ እንደ ያዙ፣ እራቱ እስኪቀርብ ድረስ ቆመው ይከራከራሉ።

"ያ ጠበቃ አጭበርባሪ ነው፤ ነግሬሃለሁ።"

"እማማ፣ በፈጠረዎ አይንገሩኝ! ገና እዚያ አልደረስኩም!"

"ምን ነገርኩህ? አጭበርባሪ ነው አልኩ እንጂ ውርሱን ጠቅልሎ እንደሚወስደው መቼ ነገርኩህ?"

"እማማ!"

ክቡር ሚዛን ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል፤ ሴትዮዋ ይስቃሉ። ሚስት ቀኑን ሙሉ የክላክስ ጩኸት ስትሰማ ውላ የገባች ናትና እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ "እናንተ ሰዎች፣ እባካችሁ ጭንቅላቴን!" ትላለች። የሚሰማት ግን የለም።

አንድ ሰሞን አሮጌዋ ጭራሽ አልነሳ አለች። ማንኪያ ቢቀየርላትም አልሆነም። አማቱ ቀኑን ሙሉ ያለ መጽሐፍ ዋሉ፤ እሱም ገመድ ሲያጣምም አመሸ። ሚስት ይህን አይታ በቃኝ አለች። ሾፌር ናት፤ አረንጓዴ ሲበራ ነድታ ማለፍ እንጂ ቢጫው ይሻል ይሆን ብላ አታስብም። በምሳ እረፍቷ ሱቁ ገብታ፣ "አለች?" አለች፤ "አለች" አሏት፤ ይዛ ወጣች። አሮጌዋንም ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወስዳ ቻርጅ ማድረጊያዋን አስቀየረችላት። ማታ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ እናቷንም ከላይ አስጠርታ አወጀች።

"አዲሷ ላንተ፤ አሮጌዋ ለእማዬ። እፎይ፣ ተገላገልን!"

እልልታ ባትጠብቅም ምስጋና ጠብቃ ነበር። ባሏ አዲሷን አንስቶ፣ "ቀላል ናት" አለ፤ ስለ ሽንኩርት ምንም አላነሳም። እናቷም፣ "እንግዲህ ሁላችንም የየራሳችን አለን። ጥሩ ነው" ብለው አሮጌዋን በብብታቸው ይዘው ወጡ። በሩን ከወትሮው ቀስ አድርገው ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጸጥ አለ። ሚስት ስትለምነው የነበረው ጸጥታ መጥቶላት ሳለ አላማራትም። ባሏ በአዲሷ ጥርት ያለ ብርሃን ፊት ይቀመጣል፤ ያ የርክክብ ሰዓት ሲደርስ ቀና ብሎ በሩን ያያል።

"እማማ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት።"

"አልወረዱም።"

"ምን ብላ ትወርዳለች? የራሷ አላት።"

"እሱስ ነው" አለና ወደ ገጹ ተመለሰ። ገጹን ግን አልገለጠውም።

"ናፍቃህ ከሆነ ለምን ወጥተህ አታያትም?"

"ምን ብዬ?"

ሚስት ያን ጊዜ ገባት። ይኼ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጥ የከረመው ሽንኩርት አልነበረም። አዲሷ ቤት ስትገባ ማታ ማታ በሩን የሚያንኳኳ ጉዳይ እንደሚጠፋ ያውቅ ነበር፤ ይህንን ደግሞ ለሻጩም ለሚስቱም እንዴት ብሎ ያስረዳል? እሷ ግን በምሳ እረፍቷ ወስና መጣች። እኔው ነኝ ያበላሸሁት አለች በልቧ።

በማግስቱ ማታ በሩ ተንኳኳ። አማቱ አሮጌዋን ይዘው ቆመዋል።

"ይቺ ዕቃህ ሞታለች። ልነግርህ ነው የመጣሁት፤ አልቀመጥም።"

ክቡር ሚዛን ተቀብሎ መብራቱ ሥር አስጠጋት፤ መነጽር እንደሚያይ አዘነበላት፤ ቁልፏን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ሚስት ከኋላው ቆማ ታያለች። አሮጌዋ ወዲያው በራች። ባትሪዋ ሙሉ ነበር፤ ፊደሏም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በሉ እንግዲህ አለች ሚስት በልቧ፤ አሁን ምርመራው ይጀምራል፤ ሽንኩርቱም ይመጣል። እሱ ግን ቁልፏን ደግሞ ተጭኖ አጠፋትና ቀና አለ።

"እውነትዎን ነው፣ እማማ። አልቆላታል።"

"እኔም ብያለሁ።"

ከተጋቡ ጀምሮ በአንዲት ትንፋሽ ሲወስን ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ጊዜ ወደደችው፤ ድሮም ትወደው ነበር፣ ግን ያን ጊዜ ደግማ ወደደችው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ አማቱ ኮርኒሱን እያዩ።

"ምን ይደረጋል፤ በአዲሷ መፈራረቅ ነዋ። ቀን ለእርስዎ፣ ማታ ለእኔ።"

"አንተን ካላስቸገረህ።"

"ምዕራፍ ስንት ደረሱ?"

"እሱን አልነግርህም። ግን ያ ጠበቃ..."

"እማማ!"

ሚስት ሟቿን ከባሏ እጅ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሻይ ማንኪያው ጎን አስተኛቻት። ከዚያ ሁለት ወንበር ስባ እናቷ ፊት አቆመች።

"እማዬ፣ ይኼኛው ይሻልሻል ወይስ ያኛው?"

"አልቀመጥም አልኩ እኮ" አሉና ተቀመጡ።