ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ አስቀድሼ መጣሁ

ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደሚኖር ሰው ከቤተ ክርስቲያን የራቀ የለም። ሰው ለማማት አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው የማወራችሁ። መሐል ሜዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በምሠራበት ዘመን የተከራየኋት ክፍል ከደብሩ ቅጥር ጋር ግድግዳ ትጋራ ነበር። ቄሱ ሲያስነጥሱ ከአልጋዬ ሳልወርድ «ይማርዎ» ማለት እችላለሁ። እሑድ እሑድ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ብርድ ልብሴ ውስጥ ድረስ ይገባልኛል፤ እኔም «ቤቴ ድረስ ከመጣልኝ ምን አደከመኝ?» እልና እገለበጣለሁ። የመንዝን ብርድ የምታውቁ አትፈርዱብኝም። ደግሞ በዚያ ዘመን ከስብሰባና ከግምገማ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝበታል፤ እግዜር ግን ስም አይጠራም…

የንስሐ አባቴ መምሬ ጥላሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይጠይቁኛል።

«ልጄ፣ እሑድ አላየሁህም።»

«ራሴን አሞኝ ነበር፣ አባቴ።»

«እሑድን ጠብቆ የሚነሣ በሽታ ነው፤ ጠበል ብትሞክር» ይሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ይሄዳሉ።

በዚያው ግቢ፣ ከኔ ቀጥሎ ባለችው ክፍል፣ ፊዚክስ የሚያስተምር ጳውሎስ የሚባል የከምባታ ሰው ይኖር ነበር። ጳውሎስ ካቶሊክ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ካቶሊክ ብትፈልጉ እሱን ታገኛላችሁ፤ ሁለተኛ ብትፈልጉ እሱኑ መልሳችሁ ታገኛላችሁ። ቅዳሴ የሚያገኘው ደብረ ብርሃን ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ስለዚህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ በዚያ ኮረኮንች ሲንገጫገጭ ይሄዳል፤ እሑድ አስቀድሶ አቧራ ለብሶ ይመለሳል።

«በሬዲዮ መንፈሳዊ ነገር ብትሰማ አይበቃህም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሠርግ ቢጠሩህ በሬዲዮ ትበላለህ?» አለኝ።

ነገሩ የመጣው ጥርሴን ባመመኝ ጊዜ ነው። ቅርንፉድ ነከስኩ፣ አረቄ ያዝኩበት፤ እሱ ግን ባሰበት። ቅዳሜ ከጳውሎስ ጋር ተሳፍሬ ደብረ ብርሃን ላስነቅል ተነሣሁ። ሞላሌን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ሲወርድ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። በስንት መከራ ጣርማ በር ደርሰን አደርን።

እሑድ ገና ሲነጋጋ ጳውሎስ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። የቆመለት በግ የጫነ አይሱዙ ነው፤ ጋቢናው ሞልቷል።

«ከበጎቹ ጋር ትሆናላችሁ?» አለ ሾፌሩ።

ጳውሎስ መልስ ሳይሰጥ ላይ ወጥቷል። እኔም ጉንጬን ይዤ ተከተልኩት።

«ይኼን ሁሉ የምትንገላታው ለአንዲት ቅዳሴ ነው?» አልኩት፣ አንድ ሙክት እግሬ ላይ እንደቆመ።

«እዚያ ዐሥራ አንድ ሰዎች ነን» አለኝ። «አንድ ሰው ሲቀር ይታወቃል።»

ይህቺ ቃል ከጥርሴ ብሳ ጠዘጠዘችኝ። እኔ ብቀርም ብመጣም ደብሬ ያው ነው ብዬ ነበር የኖርኩት።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ የጥርስ ሐኪሙ ቤት ዝግ ነው። ለካስ እሑድ የሚያርፍ ሰውም አለ! እስከ ሰኞ የምሄድበት ስላልነበረኝ ጳውሎስን ተከትዬ ገባሁ። የበግ ጠረናችን ቀድሞን ገብቷል። ሁሉም ነገር እንግዳ ይሆንብኛል ብዬ ስፈራ፣ ግእዙ የማውቀው ሆነ። የሚቀድሱት ሸበቶ አባ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ አፌ ሳያስፈቅደኝ «ምስለ መንፈስከ» አለ፤ አልጋዬ ላይ የተማርኩት ነው። መሐል ላይ ግን ጥርሴ ተነሣብኝ። ጉንጬን ይዤ ጎንበስ አልኩ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። አባ ከፊት ሆነው አዩኝ።

ቅዳሴው እንዳበቃ እኚያ ሸበቶ ቄስ መጥተው ሁለት እጄን ያዙ።

«ከየት መጡ?»

«ከመሐል ሜዳ፣ አባ።»

«እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቼ ልቤ ተነካ። ለካስ ጳውሎስ እዚያ ብቻውን አይደለም።»

«አባ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ያስለቀሰኝም ጥርሴ ነው።»

አባ እጄን አልለቀቁም። «የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው?»

«ግድግዳ እንጋራለን።»

ጳውሎስ ሳል መጣበት። አባ ግን ሳይስቁ፣ «እንግዲያው ሰኞ ጥርስዎን ይነቀሉ፤ እሑድ ደግሞ ሌላውን ሕመም ይዩት» አሉኝ።

ማክሰኞ ስመለስ ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ደብረ ብርሃን የነበረ አንድ የአገራችን ነጋዴ ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ስወጣ አይቶኝ ኖሯል። አከራዬ እትዬ ዘነበች በር ላይ ጠበቁኝ።

«እውነት ነው፣ ልጄ? ካቶሊክ ሆንክ?»

ጥርሴን የተነቀልኩበት ጉንጬ አብጦ አፌ አልከፈት ብሏል። «እም…» አልኩ።

«አመነ» አሉ ለጎረቤታቸው። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ጥርሱን ተነቅሎ አያውቅም!

በማግሥቱ መምሬ ጥላሁን መጡ። ቁጣ ስጠብቅ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ሃይማኖቱን ለወጠ ሲሉኝ አላመንኩም። ቅዳሴ ገባ ሲሉኝ ግን ጭራሽ አላመንኩም» አሉ።

አፌ እንደምንም ተላቆ ሁሉን ነገርኳቸው፤ በጎቹን፣ እንባውን፣ ዐሥራ አንዱን ሰዎች። ስቀው ሲያበቁ ረጋ አሉ።

«እኔም እኮ ስትቀር አውቃለሁ» አሉኝ። «መጀመሪያ የመጣህ ሰሞን የምትቆምባትን ዓምድ እስከ ዛሬ አያታለሁ።»



እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ለንግሥ እንኳ እንደዚያ አይሞላም፤ ሰው ሁሉ የኔን መምጣትና መቅረት ሊያይ መጥቷል። ደጀ ሰላም ረግጦ የማያውቀው የመሥሪያ ቤት አለቃዬ እንኳ ከዛፍ ሥር አጮልቆ ያየኛል። መምሬ ሲያሳልሙኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ወሬውን ቶሎ አታስተባብለው፤ ጥቂት ሳምንት ይሰንብትልን።»

ከዚያ ወዲህ መቅረት አልተቻለም። ድሮ ስቀር «ተኝቷል» ነበር የሚባለው፤ አሁን «ደብረ ብርሃን ወርዷል» ይባላል። እትዬ ዘነበችም እሑድ ማለዳ በሬን ያንኳኳሉ። ለስሜ ስል የጀመርኩት ነገር እያደር ደስ አለኝ፤ ዓምዷንም ለመድኳት።

ከወር በኋላ ጳውሎስ ከደብረ ብርሃን ሲመለስ፣ «አባ ስለ አንተ ጠየቁኝ» አለኝ። «በሐሜት ተገፍቶ በየሳምንቱ በገዛ ደብሩ ያስቀድሳል አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ደስ አላቸው። ከዚያ ባዶዎቹን አግዳሚዎች አየት አድርገው፣ ‹የኛንም ሰዎች የሚያማልን አንድ ሰው ባገኘን› አሉ።»