የአማቴ ቶጳዝ

ምንም የማያውቅ ሰው ጉዳቱ ለራሱ ነው። ግማሹን ያወቀ ግን ለዘመድ አዝማድ ይተርፋል። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሳይንስ ስለሚያስተምር፣ «እኔ» ስለሚባል ሰው ነው የማወራው።

አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲሞቱ ባቄላ የምታህል፣ የማር ወለላ የመሰለች ፈርጥ ትተው አለፉ። ቀለበቱ በዕድሜ ብዛት ተበልቶ አልቋል፤ ፈርጧ ግን በጨርቅ ተቋጥራ ኖራለች። ሁለት ሴት ልጆች፣ አንዲት ፈርጥ! ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ያስታመምኳት እኔ ነኝ» አለች። ይጁቤ የምትኖረው ታላቋ የሺ ደግሞ «የበኩር ልጅ እኔ ነኝ» አለች። ከተዝካሩ ወዲህ ሰላምታም ተቋረጠ። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ጥሩወርቅ ስታለቅስ የማባብላት እኔ ነበርኩ።

በመጨረሻ አጎታቸው መሪጌታ ይባቤ ከዲማ ድረስ መጥተው የሺ ቤት አስቀመጡን። ፈርጧን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ቶጳዝዮን ከሆነች በመጽሐፍ ስሟ የከበረ ነው። ብርጭቆ ከሆነች ግን በጠርሙስ ስባሪ ተኳርፋችኋልና ንስሐ ግቡ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ በእናንተ ትምህርት መለያ የለውም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እንዴት አይኖረውም! ባዶ ጠርሙስ አስመጣሁና በፈርጧ ጫፍ ጫር አደረግኩት። ጠርሙሱ ላይ ነጭ መስመር ወጣ፤ ፈርጧ ንክች አላለችም። «ቶጳዝ ናት!» ብዬ አወጅኩ። የሺ እልል አለች።

እዚያው ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን እልልታ የሰማ ምላስ መቼ አርፎ ይቀመጣል? ከአልማዝና ከጥቂት ድንጋዮች በቀር የሚደፍራት እንደሌለ፣ ብትመታም እንደማትሰበር አስረዳሁ። መሪጌታ «ተው፣ አምነንሃል እኮ» አሉኝ። እኔ ግን የብረቱን ዘነዘና አንስቼ ነበር።

ቀጭ!

ለሁለት። ሳትደቅ፣ በቢላ የተቆረጠች ይመስል ልሙጥ ሆና ተከፈለች። ዘነዘናውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የሺ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጥሩወርቅ «የእናቴን…» ብላ መጨረስ አቃታት።

አፍ የቀረላቸው መሪጌታ ብቻ ነበሩ። «መምህር፣ እኛስ ሰምተንሃል። ድንጋዩ ግን አልሰማህም» አሉ።

ኋላ ሳነብ፣ ቶጳዝ ለጭረት እንጂ ለምት እንደማይሆን፣ እንጨት በጅማቱ እንደሚፈለጥ እሱም የሚፈለጥበት መስመር እንዳለው ተረዳሁ። የተማረ ሰው ወጉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ይመታል፣ ከዚያ ያነባል።

እህትማማቾቹ ግን በዚያው ቅጽበት ተቃቅፈው፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሱትን አለቀሱ። የፈርጧን አንድ አንድ ግማሽ ቋጥረው ተለያዩ። ዛሬ በየማለዳው ይደዋወላሉ። የሚያወሩት ስለ እኔ ነው፤ ከእኔ ጋር ግን አንዳቸውም አያወሩም።