ክላቬ የያዘ ሰው ሰላም አይባልም

ስሙኝማ! ሁለት አጫጭር እንጨት አሥር ሰው ሲያዝዙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ።

ሚልፒታስ ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ራሞን የሚባል ኩባዊ ነበር፤ የላቲን ባንድ አለው። እንጨቶቹ ክላቬ ይባላሉ። አንዱን በአንዱ መምታት ነው፣ በቃ! ሦስቴ፣ ትንሽ ፋታ፣ ከዚያ ሁለቴ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ... ቋ፣ ቋ! ከበሮው፣ ፒያኖው፣ ጥሩንባው፣ ሁሉም እሱን ሰምቶ ነው የሚሄደው። እሱ ከቆመ ሁሉም ገደል ገባ!

የባንዱ ክላቬ መቺ ጠቅልሎ ሎስ አንጀለስ ሲገባ ራሞን፣ ከወር በኋላ እሑድ ፓርቲ አለን፣ ካላበላሸህ ቦታው ያንተ ነው አለኝ። ወይ ደስታ! አንድ ወር ሙሉ ቤት ውስጥ በማንኪያ ሳንቋቋ ከረምኩ። ሚስቴማ ወይ እኔ ወይ ማንኪያው ብላ ነበር። ከሳን ሆዜ እስከ ካምቤል ያለውን ሐበሻ ሁሉ ኮል አድርጌ ጠራሁ። ጥፋቴ እሱ ነው።

እሑድ ከሰዓት ጀመርን። አዳራሹ ቀለጠ! ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደረቴን ነፍቼ ስመታ፣ የሁላችን ታላቅ ጋሼ በየነ ከዘራቸውን ይዘው ሰተት ብለው መድረኩ ላይ ወጡና እጃቸውን ዘረጉ። እስቲ ፍረዱኝ! የሽማግሌ እጅ አየር ላይ ይቅር? ብድግ አልኩ፣ እንጨቶቹን ብብቴ ሥር ወሸቅኩ፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው። እሳቸው ደግሞ ሚስትህስ፣ ልጆችህስ፣ እናትህስ... ከኋላዬ ጥሩንባው ወዲያ፣ ከበሮው ወዲህ! ጨፋሪው እግር ለእግር ተረጋገጠ። ራሞን ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ከደገምከው አበቃልህ አለኝ። ጋሼ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እንደገና ስንጀምር በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ አብረውኝ ነበሩ።

ብዙም ሳይቆይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የሚስቴ አክስት፣ ወይዘሮ አስካለ! ሊስሙኝ እጃቸውን ዘርግተዋል። ምን ላድርግ፣ እግሬ ራሱ ነው የተነሣው! እየሳምኳቸው ሙዚቃው እስኪፈርስ ጠበቅሁ። አልፈረሰም! ዞር ስል ጋሼ እንጨቶቹን ከእጄ ላፍ አድርገው ወንበሬ ላይ ተደላድለዋል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ... ቋ፣ ቋ! ሐበሻው በተራ እየመጣ ጎንበስ ብሎ ይስማቸዋል። እሳቸው ጉንጫቸውን ብቻ ያቀብላሉ እንጂ ንቅንቅ የለም፣ እጃቸውም አያርፍም። ራሞን በደስታ ሊያብድ!

ቦታውን እሳቸው ወሰዱት። እኔ እሑድ እሑድ ከሳን ሆዜ በመኪና አመላላሻቸው ሆንኩ። ጆሮ ነው የጎደለኝ ብዬ ስንት አዝኛለሁ መሰላችሁ! ለካስ ክላቬ የሚፈልገው ለማንም ብድግ የማይል ሰው ነው። ሐበሻ መካከል እዚያ ማዕረግ ለመድረስ ደግሞ እኔ ገና ሠላሳ ዓመት ይቀረኝ ነበር።