ሐር የሚመጣበት አገር

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ይህን ያለ ሰው አባቴን አላወቀም። አባቴ አንኮበር ላይ የመጽሐፍ መምህር ናቸው። ከጫጫ ወዲያ ረግጠው አያውቁም፤ የሚናፍቃቸው ግን ሐር የሚመጣበት፣ ነጋዴዎች ቺን የሚሉት አገር ነው። ነገሩን ያመጣው ለቤተ ክርስቲያናችን የተሰጠ የሐር መጋረጃ ነው። እግር ያለው እባብ ተሰፍቶበታል። ካህናቱ ይውጣ ሲሉ አባቴ፣ እዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሳናውቅ አንፈርድበትም ብለው አስቀሩት።

ከዚያ ትምህርታቸውን ከጨረሱት ተማሪዎች ሁለቱን፣ ገብረ ኪዳንንና ወልደ ሰንበትን፣ ጠሩ። አሊዩ አምባ ገበያ ወርዳችሁ ባለግመሉን ነጋዴ ሐጂን ስለ ቺን ጠይቁ፣ ጻፉ፤ የተሻለ የጻፈ ከግመሎቹ ጋር እስከ ባሕር ወርዶ ይመረምራል አሏቸው። ገብረ ኪዳን እንዲህ ያለ መንገድ ሲመኝ ሦስት ዓመቱ ነበር።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የእኛ ተማሪ መምህሩ ያለውን ሳያጎድል ይመልሳል እንጂ «ይህን ከየት አመጡት?» አይልም። ቢል ዱላ አለ። ወልደ ሰንበትም ሐጂን እንደ መምህሩ ቆጥሮ ብራናውን በሁለት ፊት ሞልቶ መጣ። በቺን ሐር እንደ በግ ጠጉር ከዛፍ ይሸለታል፤ ንጉሡም ሦስት ዓመት ተኝቶ ሦስት ዓመት ይነቃል። ሲያነበንበው የሐጂን ሳል እንኳ አላስቀረም።

የገብረ ኪዳን ብራና ባዶ ነበር። እኔ መዝሙረ ዳዊት ደግሜ ትምህርት ያቆምኩ፣ ሰው ፊት አፌ የሚተሳሰር ሴት ልጅ ነኝ። ቀለም ስበጠብጥ መጥቶ የጓደኛውን ገልብጪልኝ ሲለኝ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ድምፅ ወጣኝ።

«ጋሼ፣ ሐጂ በዓይኔ አየሁ አሉዎት?»

«የለም። የሐረር ነጋዴ ነገረኝ ነው ያሉት። እሱም አላየም።»

«እንግዲያ እሱኑ ይጻፉታ።»

ጻፈው። ሁለት መስመር አልሞላም። አባቴ ደጋግመው አነበቡና የምትሄደው አንተ ነህ አሉት። ወልደ ሰንበት ፊቱ ጠቆረ።

«የኔታ፣ እኔ እኮ አንድ ቃል አላጎደልኩም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ለዚህ ነው እዚህ የምታስተምረው።»

ገብረ ኪዳን በዓመቱ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። አገሩ ሁሉ ከቅጥሩ በር ተሰብስቦ ቺን እንዴት ናት አለው። ቺን አልደረስኩም፤ ወደቡ ላይ አንድ የቺን ሰው አግኝቼ ስለ እባቡ ጠየቅሁት፤ ዝናብ ያመጣል አለኝ፤ እኔ ግን ሲያመጣ አላየሁም አለ። ሰዉ ትንሽ ጠበቀ። ሌላ ነገር አልመጣም።

መጋረጃው ተሰቅሎ ቀረ፤ ከዝናብ ጋር የሚጣላ ገበሬ የለም። አባቴ የገብረ ኪዳንን ጽሑፍ ከመጻሕፍታቸው ጋር አኖሩት፤ ሌላ አንባቢ ግን አላገኘም። በየሰንበቱ ሕዝቡ የሚከበው ከአሊዩ አምባ አልፎ የማያውቀውን ወልደ ሰንበትን ነው። እኔም ስለ ቺን ሲያወራ ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ እሰማዋለሁ። ባለፈው ሰንበት ንጉሡ ሊነቃ ሲል ዝናብ መጣና በተነን።

ለአባቴ አትንገሩብኝ።