የዕድሩ ግሩፕና የእትዬ የሺ ቋንጣ

ድሮ ገበያ ለማጥናት እግር ያስፈልግ ነበር። ነጋዴ የተባለ ሰው ሐሙሲት ገበያ ድረስ ሄዶ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ወጪ ወራጁን ሲያይ ውሎ ነው «ይህ ይሸጣል፣ ያ አይሸጥም» የሚለው። ዛሬ ጣት ይበቃል። ያሰቡትን ዕቃ ፎቶ አንስቶ «ብሸጠው ትገዛላችሁ?» ብሎ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነው፤ ከትንሽ የስልክ ካርድ በቀር የሚወጣ ነገር የለም። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። የእኛ ሰው፣ እናንተንም ጨምሮ፣ «አልገዛም» ማለት ነውር ስለሚመስለው «በርቺ!» ብሎ ያልፋል። «በርቺ» ያለ ሰው መልሶ ሲገዛ ግን አላየሁም። እኔ ራሴ ስንቱን አበርትቼ ባዶ እጁን አስቀርቻለሁ።

እትዬ የሺ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባሕር ዳር፣ ወደ ሰባታሚት በሚወስደው መንገድ፣ ከቤቴ ሦስተኛው በር። ባላቸው ጋሽ ምናለ ጣና ላይ ጀልባ ይነዱ ነበር፤ ወደ ደሴቶቹ ሲሻገሩ ስንቃቸው የእትዬ የሺ የዓሣ ቋንጣ ነበር። ጋሽ ምናለ ካረፉ ዓመት አለፈ። ልጃቸው አዲስ አበባ ሆና «ቤቱን አከራይተሽ እኔ ጋ ነይ፤ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» እያለች ወጥራ ያዘቻቸው። እሳቸው ደግሞ ሐይቁን ትተው መሄድ አልፈለጉም። ቋንጣውን እያሸጉ ቢሸጡ ሥራ ይሆናቸዋል፤ ሥራ ካለ ልጅም ዝም ትላለች። ግን ትኩስ ዓሣ በየደጁ በሚዞርበት ባሕር ዳር ደረቅ ዓሣ ማን ይገዛል? ገዢ ካልተገኘ ጓዛቸውን ሊጠቀልሉ ለልጃቸው ቃል ሰጥተዋል።

የሚጠይቁት የሚያውቁትን ሰው ነው፤ የሚያውቁት ሰው ሁሉ ያለው ደግሞ የዕድራችን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ይህ ግሩፕ፣ ልንገራችሁ፣ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተከፈተ ነው። የሰው ፎቶ ከመጣ፣ ከሥሩም «የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት» የሚል ረጅም ጽሑፍ ካለ፣ ሰው አርፏል ማለት ነው። ቀሪውን የሚያነብ የለም። ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ኋላ ተደዋውለን እንጠያየቃለን።

እትዬ የሺ «ገዢ የሚያምነው ፊት ሲያይ ነው» የሚል ምክር ከአንድ የፌስቡክ ቪዲዮ ሰምተዋል። ስለዚህ የቋንጣውን ትተው የራሳቸውን ፎቶ፣ ያውም ነጠላ ለብሰው ስቱዲዮ የተነሡትን፣ ለጠፉ። ከሥሩም በወጉ «የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት» ብለው ጀምረው፣ ቋንጣቸውን ማን እንደሚገዛ ጠየቁ። ከዚያ ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ሰክተው ዓሣቸውን ሊያሰጡ ጓሮ ገቡ።

እኔ ባጃጅ ውስጥ ነበርሁ። ፎቶውን አየሁ፤ ቀሪውን ሳላነብ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍሁ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ከዚያማ ማን ያቁመው! ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ምን ዓይነት ሴት አጣን፣ ቤተሰቡን ያጽናልን። መርዶውን የላኩት ሟቿ ራሳቸው መሆናቸውን ልብ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ የዕድሩን ድንኳንና ወንበር በጋሪ አስጭነን ደረስን። ሴቶቹ ገና ከበሩ ላይ «እህቴ! እህቴ!» እያሉ ዋይታውን ለቀቁት። እትዬ የሺ እጃቸው ዓሣ እንደ ሸተተ ከጓሮ ብቅ አሉ። አልቃሹን ሲያዩ አንድ አፍታ አላመነቱም፤ እሳቸውም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ «ወይኔ! ማን ነው የሞተብን?» አሉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ አድማሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ነዎት።»

እትዬ የሺ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንባው ግን ሳቁ ካለቀም በኋላ አላቆመም። ኋላ ዓይናቸውን ጠረጉና «ድንኳኑን መልሱት፤ ወንበሩን ግን አውርዱት» አሉ።

ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን የሚመጣ የለምና እንጀራውም ዳቦውም ነበር። እሳቸው ቋንጣውን ጠበስ ጠበስ አድርገው አቀረቡ። ዓሣ የክርስቲያን ነው የእስላም ነው የሚባል ነገር የለበትም፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ አነሣን። የዚያን ቀን ያየሁት ተአምር ታዲያ ይህ ነው፤ ሰው እውነቱን ተናገረ። ጋሽ አድማሱ «ጨው በዝቶበታል» አሉ። ሌላው «አጥንቱ አልወጣም» አለ። ሞተዋል ብሎ አልቅሶ ከመጣ ሰው ላይ ምን ይሉኝታ ይቀራል? ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘምዘም ደግሞ ቁርጡን ተናገሩ።

«እህቴ፣ ለራሴስ አልገዛም፤ ትኩሱ ደጄ ላይ እያለ! አዲስ አበባ ለሚማረው ልጄ ግን እልካለሁ። የጣና ዓሣ እዚያ ከየት ያገኛል?»

እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን ልጁ ሩቅ ያልሆነ አልነበረም። ገዢው ተገኘ። ዛሬ የእትዬ የሺ ልጅ ራሷ አዲስ አበባ ላይ ተቀብላ አዳይ ሆናለች።

ስንወጣ በሩ ላይ ቀረሁና ተናዘዝሁ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ነፍስ ይማር ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«አይቻለሁ» አሉ፣ ስልካቸውን መቀነታቸው ውስጥ እየሸጎጡ። «እኔ የጠየቅሁት ማን እንደሚገዛኝ ነበር፤ እናንተ ማን እንደሚያለቅስልኝ አሳያችሁኝ። አዲስ አበባ ብሞት እንዲህ የሚሮጥልኝ ማን አለ? ባትገዙም አልሄድም።»

ባለፈው ሳምንት ግሩፑ ላይ አዲስ ፎቶ መጣ፤ የቋንጣ ብቻ። እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ጣቴ «በርቱ» ሊል ተነሥቶ ነበር፤ መለስሁትና «እትዬ፣ ጨዉ አሁንም በዝቷል» ብዬ ጻፍሁ።

መልሳቸው ወዲያው መጣ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ በሕይወቴ ሳለሁ ነገርኸኝ።»