ዱላውን ያልጣለ ገላጋይ

የሰው አገር ጦርነት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያዩት እንዴት ቀላል ነው መሰላችሁ። ማን ከየት በኩል መግባት እንዳለበት ታውቃላችሁ፣ ማን እንደሚሸሽ ታውቃላችሁ፣ መቼ እንደሚያልቅም ታውቃላችሁ። የማታውቁት የግድግዳ ጎረቤታችሁ ከሚስቱ ጋር ለምን እንደተኳረፈ ብቻ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ስለሆንኩ ይህን ጉዳይ ከብዙ ሰው የተሻለ አውቀዋለሁ ብል አጋነንክ አትበሉኝ። ግድግዳዬ ላይ ቴሌቪዥን፣ ወንበሬ ላይ የጦር አዛዥ ጠፍቶ አያውቅም። አንገቱ ላይ ጨርቅ የታሰረለት፣ አገጩ አረፋ የለበሰ ሰው ድፍረቱ ለብቻው ነው። የራሳችን ሰፈር ነገር ሲነሳ ግን ሁሉም መስታወቱን ማየት ይጀምራል። ምን ያድርግ፤ ስለ ሰው አገር ማውራት አያስጠይቅም።

ሰሞኑን የተያዘው የጎረቤት አገር ጦርነት ነው። ትናንት ከአንድ ማዕድ ሲበሉ የነበሩ ሁለት ጄኔራሎች ዛሬ የገዛ ከተማቸውን ግራና ቀኝ ሆነው ያፈርሱታል። «የእኛ ጦር ገብቶ ይገላግላቸው» ከሚሉት ሁሉ ድምፃቸው የሚጎላው የእህቴ ባል ጋሽ ስማቸው ናቸው። ጋሽ ስማቸው እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሲናገሩ የሚያቋርጣቸው ሰው ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም። «አንድ ሳምንት» ይላሉ ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው፣ «ጉልበት ያለው ሰው መሀል ሲገባ ሁለቱም አደብ ይገዛሉ።»

ይህ ለደንበኞቼ ወሬ ነው። ለእህቴ ለብርቱካን ግን ወሬ አይደለም። የበኩር ልጃቸው ይበልጣል ወታደር ነው። ወደዚያ አገር የሚላክ ጦር ሊኖር ይችላል ተብሎ በጦር ክፍሉ ፈቃደኛ የሆነ ይመዝገብ ተብሏል፤ ልጁም ስሙን ከመስጠቱ በፊት የአባቱን ምርቃት ይጠብቃል። ብርቱካን ሱቄ ድረስ መጥታ «እንዳይመርቁት አንተ ንገርልኝ፤ እኔን አይሰሙኝም» አለችኝ። ምላጭ ጉሮሯቸው ላይ ይዤ እንኳ ዝም የማይሉ ሰው እንዴት አድርጌ ላሰማቸው? ግን ፊቷን አየሁትና እሺ አልኳት። ልጄም ባይሆን እኔ ነኝ ፀጉሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የቆረጥኩት።

እንዴት እንደምጀምረው ሳሰላስል የጋሽ ስማቸው አክስት ተዝካር ደረሰ። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀን ወደ ገጠር ቀያቸው ወደ ሮብ ገበያ ወጣን። ሟቿ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ሞላና ተመስገን ይባላሉ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ተቻችለው የኖሩትን ያህል፣ በእርሻቸው ድንበር ላይ ባሉት ባሕር ዛፎች የተነሳ አሁን ዓይንና ናጫ ሆነዋል። ካህናቱ በልተው መርቀው እንደሄዱ አንደኛው ስለ ዛፎቹ አንድ ነገር ወረወረ፣ ሌላኛው መለሰ፣ ከዚያ ዱላ ተነሳ።

ለማያውቅ ልንገር። በዚያ አገር ወንድ ያለ ዱላ መንገድ አይወጣም። ሊገላግል የሚገባ ሰው ግን አስቀድሞ ዱላውን ይጥላል። ሁለቱም እያዩት መሬት ላይ ይጥልና ባዶ እጁን ዘርግቶ መሀል ይገባል። ጋሽ ስማቸው ይህን ደንብ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ተወልደው ያደጉት እዚያው ነው። የዚያን ቀን ግን ዱላቸውን እንደጨበጡ ተነሱ።

«ጋሼ፣ ዱላዎን ይጣሉት እንጂ» አልኳቸው።

«ባዶ እጁን የሄደን ማን ይፈራዋል?» አሉኝና ገቡ።

ሞላ ዱላውን ሲያይ ተመስገንን ሊያግዙ የመጡ መሰለው። ተመስገን ደግሞ ሞላን ሊያግዙ የመጡ መሰለው። ሁለት ሰው ይደባደብበት የነበረው ቦታ ላይ ሦስት ሰው ይደባደብ ጀመር። ማን እንደመታቸው እስካሁን አልታወቀም። የታወቀው ቀኝ ክንዳቸው መሰበሩ ነው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወንድማማቾቹ ደንግጠው ዱላቸውን ጣሉ፤ ጋሽ ስማቸውን ግራና ቀኝ ደግፈው ወጌሻ ቤት አደረሷቸው። ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ ሲያስር አንዱ ውኃ ያቀብላል፣ አንዱ ላባቸውን ይጠርጋል። ጋሽ ስማቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ እኔ ዞሩና «አየህ፣ ታረቁ» አሉኝ።

እርቁ የቆየው ቀርከሃው ታስሮ እስኪያልቅ ነው። የሰው አጥንት የሰበረ ተጎጂው እስኪድን ማስታመም ደንብ ነውና «አንተ ነህ የሰበርካቸው»፣ «የለም፣ አንተ ነህ» ተጀመረ። ዘመድም ያየሁት እንዲህ ነው፣ አይደለም እንዲህ ነው እያለ ለሁለት ተከፈለ። ጠዋት ጠባቸው ድንበር ብቻ ነበር፤ ሲመሽ ድንበርና የጋሽ ስማቸው ክንድ ሆነ። ሽማግሌዎች በተቀመጡ ጊዜ ጋሽ ስማቸው እንደ ልማዳቸው ሄደው ከሽማግሌዎቹ መሀል ሊቀመጡ ሲሉ፣ አንድ አዛውንት በትሕትና «እርስዎ ወዲያ ይሁኑ፤ አሁን ባለጉዳይ ነዎት» ብለው ከተጣሉት ጋር አስቀመጧቸው።

ማርቆስ ተመልሰን አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ የጋሽ ስማቸውን ጢም እየላጨሁ ሳለ ስልካቸው ጠራ። ብርቱካንም አጠገባቸው ተቀምጣለች። ይበልጣል ነው። እጄ አረፋ ስለነበረ እሷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው።

«አባዬ፣ ነገ ስም እንሰጣለን። መርቀኝ» አለ ልጁ።

ጋሽ ስማቸው የታሰረ ክንዳቸውን አዩት። «ስትገቡ ጠመንጃችሁን የት ታስቀምጡታላችሁ?» አሉት።

ይበልጣል ሳቀ። «አባዬ ደግሞ፤ ጠመንጃውን አስቀምጦ የሚሄድ ወታደር የት አየህ?»

«ታዲያ ለማን እንደመጣችሁ በምን ያውቃሉ?»

እህቴ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋችላቸው። እኔ ምላጬን አንስቼ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ምርቃት በቀኝ እጅ ነው» አሉ ጋሽ ስማቸው። «የእኔ ታስሯል። እስኪድን ጠብቅ።»

ልጁ አባቱን ያከብራልና እየጠበቀ ነው። ቀርከሃው ከተፈታ ቆይቷል፤ ጋሽ ስማቸው በዚያው እጅ ኩንታል ያነሳሉ። ወንበሬ ላይ ሲቀመጡም በዚያው እጅ ወደ ቴሌቪዥኑ እየቀሰሩ አሁንም «አንድ ሳምንት» ይላሉ። ይበልጣል ሲደውል ግን፣ በስልክ የሚታይ ይመስል፣ እጃቸውን ቶሎ ጋቢያቸው ውስጥ ይከቱታል።