ሊቀ ሊቃውንት ቪዝማ ሠርግ ቤት

እግዜር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሊቅ ይመድባል። ሰካራም ለአንዱ ቤት ይደርሰዋል፣ ለሌላው አይደርሰውም፤ ሊቅ ግን ያልደረሰው ቤት የለም። ምልክቱ ቀላል ነው። የሚያጠናው ትምህርት ምን እንደሆነ ከቤተሰቡ ማንም በአንድ ትንፋሽ መናገር አይችልም። ምን እንጀራ እንደሚያበላው ራሱም አያውቅም። ድንች እየላጣችሁ ሳለ ግን አጠገባችሁ ይቀመጥና ስለ ድንቹ የማታውቁትን ይነግራችኋል። ሲነግራችሁ አይልጥም።

በኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ሊቀ ሊቃውንት ቪዝማ ናቸው። የእህቴ ልጅ ናቸው። እናታቸው አየርላንድ እንጉዳይ ለቀማ ስትሄድ "ለዚህ በጋ ብቻ ያዢልኝ" ብላ እኔ ዘንድ ተወቻቸው፤ ያ በጋ እስካሁን አላለቀም። እኔ ትምህርት ቤትን በጊዜ የተሰናበትኩ፣ ዕድሜዬን በኩርዜሜ ባሕር ዳር ዓሣ በጭስ በማጠን የፈጀሁ ሴት ነኝ። ልጅ ሳሳድግ ሊቅ እያሳደግኩ መሆኔን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝ ለድንቹ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።

የሚማሩት ዋና ከተማችን ሪጋ ነው። ትምህርቱ "የስካንዲኔቪያና የባልቲክ ቋንቋዎች፣ ሥነ ጽሑፍና ባህል" ይባላል። ከቤቴ ስትወጡ ስሙን መጥራት ብትጀምሩ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ትጨርሱታላችሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ እማማ ስካይድሪቴ ዓሣ ሊገዙ መጡና ልጅቷ ስትጨርስ ምን እንደምትሆን ጠየቁኝ። እማማ ስካይድሪቴ የመንደራችን ዘፋኝ ናቸው፤ ምላሳቸውን ከውሻቸው አብልጠን እንፈራዋለን። ቋንቋ አዋቂ ትሆናለች አልኳቸው። የማንን ቋንቋ ሲሉኝ የስዊድኑን፣ የኖርዌዩን፣ የዴንማርኩን፣ የሊትዌኒያውን ደረደርኩላቸው።

"የኛንስ?" አሉኝ።

"የኛንም ትማራለች።"

"የኛንማ እኔም እችላለሁ" አሉና ዓሣቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። "ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ ሰው ግን አላየሁም።"

ሊቃችን ለእረፍት ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ልብስ የለም፤ መጽሐፍ ነው። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ይጀምራሉ። አጀማመራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "የሚገርመው ግን፣ አክስቴ…"። እኔን የሚገርመኝ ነገር ካለቀ ቆይቷል፤ ይህን ግን አይሰሙም። ዳቦ ስቆርስ የሚገርመው ግን ሊትዌኒያዎች መሬት የወደቀ ዳቦ አንሥተው እንደሚስሙ ይነግሩኛል። እኛም እንስማለን። አዎ፣ የሚገርመውም እሱ ነው ይሉኛል። ድንች ልላጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስዊድኖች ድንቹን በምን እንደሚበሉት ይተነትኑልኛል።

"እንግዲያ ስዊድኖች መጥተው ይላጡልኝ" እላለሁ።

"ይመጣሉ እኮ፣ አክስቴ" ይላሉ ሳቅ እያሉ። ወደፊት የሚሆነውን ማን አወቀ።

የጎረቤታችንን ባል ስንቀብር እንኳ ከመቃብሩ አፍ ቆመው ኢስቶኒያዎች ከቀብር ሲመለሱ ዛፍ ላይ መስቀል ይቀርጹ እንደነበር ለቄሱ በሹክሹክታ አስረድተዋል። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ሬሳው ጠበቀ።

ዴንማርክኛ የጀመሩ ዓመት ደግሞ ከጭስ ቤቴ አልወጣም አሉ። ያ ቋንቋ ከጉሮሮ በታች የሚኖር ነገር አለውና ዓሣ የምናጥንበት የአልደር እንጨት ጭስ ሲገባባቸው በደንብ ይወጣላቸዋል። እኔ ዓሣውን በሽቦ እየሰካሁ እሰቅላለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ከተሰቀለው ዓሣ መሀል ቆመው ያነበንባሉ። ዓሣ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ደንግጦ ልጅቷ ታንቃለች ወይ ይለኛል። ትምህርት ላይ ናት እለዋለሁ። ሰኞ ሪጋ ሲሄዱ ጭሱ አብሯቸው ይሄዳል። በክፍላቸው ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው እንደሚጠፋ አንድ ጊዜ ሲስቁ ነግረውኛል። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ከዚያ ወዲህ ኮታቸውን ራቅ አድርጌ ውጭ እሰቅላለሁ። እሳቸው ይህን ያስተዋሉ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ክረምት እጃቸው ላይ የድምፅ መቅረጫ ይዘው እማማ ስካይድሪቴ ቤት ከረሙ። የሠርግ ስድብ ግጥም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይፈልጋሉ። ሴትዮዋ መጀመሪያ የሞኝ ሥራ ነው አሉ፤ ኋላ ግን መቅረጫው ፊት ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የእሑድ ጫማቸውን ማድረግ ጀመሩ። መንደሩ በዚህ ብዙ ሳቀ። አሮጊት ሲሳደቡ ለመስማት ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል ወይ ተባለ።

እንግዲህ ሰኔ ላይ ልጄ ማዳራ ተዳረች። ማዳራ ባሕሩን በሚያቋርጠው መርከብ ላይ ስትሠራ አልቢን የሚባል ስዊድናዊ የሞተር ሠራተኛ አገኘች። አልቢን ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ቋንቋችንን ጥቂት ይሰማል። የሙሽራው ወገን በእናቱ በወይዘሮ ጉንቮር መሪነት ወደ መንደራችን አዳራሽ ደረሰ። ሁሉም ረጃጅሞች፣ ሁሉም በሰዓታቸው። ወይዘሮ ጉንቮር እንደ ሰፌድ የሰፋ የገለባ ባርኔጣ አድርገዋል። ሙሽሪት ልጄን ጉንጯ ላይ ሲስሟት አየሁና ልቤ አረፈ።

በኛ አገር ሠርግ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ይቀመጥና በግጥም ይሰዳደባል። መቀየም ነውር ነው። ዝም ማለት ደግሞ ሌላውን መናቅ ነው፤ ስለዚህ የተሰደበው እስኪመልስ ድረስ ስድቡ እየከበደ ይሄዳል እንጂ አይቆምም። ይህን ለእንግዶቹ የነገራቸው አልነበረም። እኔ ሊቃችን ነግረዋቸዋል አልኩ። ሊቃችን ሙሽራው ነግሯቸዋል አሉ። ሙሽራው በዚያ ቀን የራሱንም ስም የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

እማማ ስካይድሪቴ ቢራቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ሴቶቻችን ከኋላቸው ተቀበሉ።

"የሙሽራው ወገን ባሕር ተሻገረ፣
ከድንጋይ ተወልዶ ዝም ብሎ ቀረ።"

ስዊድኖቹ አጨበጨቡ። በመርከቡ ላይ ከቋንቋችን አንዲት ቃል ብቻ አጥንተው ነበር፤ በአንድ ድምፅ "አመሰግናለሁ" አሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው። በኛ ዘንድ ግን በግጥም ለሰደበ ሰው ማመስገን "ይህችን ነው ስድብ የምትላት?" እንደ ማለት ነው። የእማማ ስካይድሪቴ ጆሮ ቀላ።

"የአማቷ ባርኔጣ ጎጆ ይመስላል፣
ሽመላ ቢያየው እንቁላል ይጥላል።"

"አመሰግናለሁ" አሉ ወይዘሮ ጉንቮር፣ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው። የተመሰገነላቸው መስሏቸው።

ከኛ ወገን የሚስቅ ጠፋ። እማማ ስካይድሪቴ በሕይወታቸው እንዲህ ተንቀው አያውቁም። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

"ሙሽራው ሸንበቆ ነፋስ የሚሰብረው፣
ሚስቱ በመቀነት ካጥር ጋር ታስረው።
በአገሩ ሴት ጠፍቶ ወይስ ሁሉ ጠልቶት፣
እኛ ዘንድ ደረሰ መርከብ አሳስቶት።"

ይህቺኛዋን አልቢን ሰማት። ፊቱ ተለወጠ። እናቱ ምን እንዳሉ ጠየቁት፤ መናገር አልፈለገም፤ እንደገና ጠየቁት፤ ነገራቸው። ወይዘሮ ጉንቮር ሹካቸውን አኖሩ። ቀጥሎ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሌሎቹም አዩና መብላት አቆሙ። ለሠርጉ የካሮት ቂጣ ሲጋግሩ የሰነበቱ ሴቶቻችን ሁሉ ሳህኑን ያያሉ።

ማዳራ ወደ እኔ ዞረች። "እማዬ፣ አስቁሚያቸው።"

እንዴት አድርጌ? እማማ ስካይድሪቴን ከመልስ በቀር የሚያስቆማቸው የለም። ቀጣዩን ሊያወጡ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው። ልጄ በገዛ መንደሯ፣ በገዛ ሠርጓ፣ ከአማቷ ጋር ከመተዋወቋ ልትለያይ ነው። የስዊድን ሰው ቅር ሲለው አይጮህም፤ አመስግኖ ይሄዳል፣ አይመለስም ብለውኛል። ማን እንዳለኝ ታውቃላችሁ።

እሳቸው በዚያች ሰዓት ከጠረጴዛው ጫፍ አኮርዲዮን ለሚጫወተው ሰው አንድ የሚገርም ነገር እያስረዱ ነበር። ባርኔጣው ጭን ላይ ማረፉን አዩ። ዝም አሉ፤ ይህ ራሱ ታሪክ ነው። ከዚያ ወንበራቸውን አነሡ፣ በሁለት እጃቸው ተሸክመው በአዳራሹ መሀል አቋረጡ፣ ከወይዘሮ ጉንቮር አጠገብ አኖሩና ተቀመጡ።

"ወዴት ነው?" አሉ እማማ ስካይድሪቴ። "አንቺ የኛ አይደለሽም እንዴ? ወገን ትክጃለሽ?"

"ዘፋኝ የሌለው ወገን ዘፋኝ ይዋሳል" አሉ ቪዝማ። "የእርስዎ እናት በጎረቤት መንደር ሠርግ ተውሰው ዘፍነዋል። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፤ በድምፅዎ ተቀርጿል።"

"ያንን መቅረጫ ባሕር ይብላው" አሉ እማማ ስካይድሪቴ፤ ግን ጥርሳቸው ታየ።

ቪዝማ ወደ ወይዘሮ ጉንቮር ጆሮ ጎንበስ ብለው በስዊድንኛ ተናገሩ። ምን እንዳሉ ኋላ ነግረውኛል። እናንተ ድግስ ላይ ብርጭቆ ከማንሣታችሁ በፊት ትዘፍኑ የለም? ያልዘፈነ ሰው ብርጭቆው አይነሣለትም አይደል? እነዚህም እንዲሁ ናቸው፤ ሊያባርሯችሁ አይደለም፣ ዘፈናችሁን እየጠበቁ ነው። ወይዘሮ ጉንቮር ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ባርኔጣውን መልሰው አጠለቁና በተራቸው ወደ ቪዝማ ጆሮ ጎንበስ አሉ። ቪዝማ የሰሙትን በግጥም ይዘው ተነሡ።

"ሽመላው ይምጣና እንቁላሉን ይጣል፣
ለስካይድሪቴ ቁርስ ተጠብሶ ይመጣል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እማማ ስካይድሪቴ ራሳቸው ጠረጴዛ መቱ። ቪዝማ ትንፋሽ አልሰጧቸውም፤ በግጥም ላይ አንቱታ የለም።

"ዘፋኟን ብትሰማ ላሟ ወተት ነሳች፣
ዓሣም እሷን ፈርታ መረብ ውስጥ ገባች።"

እነዚያ ረጃጅም ሰዎች ነገሩ ሲገባቸው ሁሉም ባንድ ላይ ቆሙ፤ ብርጭቋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የአገራቸውን የመጠጥ ዘፈን አስነሡት። አልቢን፣ ያ ዝምተኛ፣ ከሁሉ በላይ ጮኸ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ከቀጭን አካል ይወጣል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ ማዳራ እንኳ አፏን ይዛ ቀረች። ሲጨርሱ እማማ ስካይድሪቴ ቢራቸውን ይዘው አዳራሹን አቋረጡና ወይዘሮ ጉንቮርን ባርኔጣው እስኪጣመም ሳሙ።

እኔም ተነፈስኩ። አለቀ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ልነሣ ስል ቪዝማ አላለቀም አሉ። በተዋሱበት ወገን ሆነው የሙሽሪትን እናት ሳይሰድቡ መቀመጥ እንደማይቻል ለአዳራሹ አስታወቁ። ጣታቸው ወደ እኔ ነበር። ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው፤ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ፊቷ ቀልቷል፣ ፀጉሯ እንደ ልማዷ አልተበጠረም፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"የሙሽሪት እናት እጇ ጭስ ጭስ ይላል፣
ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሽታው ይከተላል።
መምህሩ ቢጠይቅ እንዴት ሊቅ ሆነች፣
ከዓሣው ጋር ተሰቅላ ጭስ ቤት ታጠነች።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ መልሴን ጠበቀ። ሕጉን ታውቃላችሁ፤ መመለስ አለብኝ። እማማ ስካይድሪቴ ከማዶ ሆነው በከንፈራቸው ቃል ሊያቀብሉኝ ይሞክራሉ። እኔ ግን ያ ውጭ የሰቀልኩት ኮት ነበር ዓይኔ ላይ የመጣው። አውቃ ኖሯል። አውቃም መልሳ ስትለብሰው ነበር። አሁን ደግሞ ሽታውን በሁለት አገር ሰው ፊት እንደ ሜዳሊያ ደረቷ ላይ ሰካችው።

ግጥም ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ተነሣሁ፤ ለማንም ዘፋኝ የማይባለውን ነገር፣ በሠርጋችን ላይ ነውር የሆነውን ነገር፣ ከአፌ ያመለጠኝን አንድ ቃል አልኩ።

"አመሰግናለሁ።"

እማማ ስካይድሪቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በሉ" አሉ ለወይዘሮ ጉንቮር፣ "ይቺንም ወንበሯን ይዛ ትምጣላችሁ። ስዊድን ሆናለች።"